ለሎሚ የሚነፋው ቀርከሃ

ሚዛን ተፈሪ፣ መስከረም 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለማናልሞሽ ጥበቡ፤ ቦሎኛ፣ ኢጣሊያ።

የአባቶችሽ አምላክ በሄድሽበት አገር ይጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ በየነችም ደህና ናት። ሰላምታዬ አጭር የሆነው ፍቅሬ አንሶ ሳይሆን ወረቀቱ ለጉዳይ ስለሚፈለግ ነው።

እናትሽ ታማለች። ከነሐሴ ጀምሮ እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። አማን ሆስፒታል ወስደን አስመረመርናት። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል ብሎ የሚዋጥ መድኃኒት ሰጣት። "ትድናለች ወይ?" ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅኩት። "በመድኃኒት ትቆያለች እንጂ አትድንም" አለኝ። እውነቱን ስለነገረኝ አመስግኜው ወጣሁ። እኔም ለአንቺ እንዳለ ነገርኩሽ። በሩቅ ያለ ሰው በውሸት ሲጽናና አልወድም።

ጥበቡ ከሞተ ወዲህ እንደምታውቂው በአንድ ግቢ ነን። በየነች ጠዋትና ማታ እየገባች ወጧን ያለ ጨው ትሠራላታለች። እናትሽ "ጨው የሌለው ወጥ ከመብላት መሞት ይሻላል" ትላለች። ይህን የምትለው እየበላች ነው።

ብር አትላኪ። ባለፈው የላክሽው አላለቀም። ዘንድሮ ቡና ዋጋ የለውም፤ ጎረቤቶቻችን ቡናቸውን እየነቀሉ ጫት ይተክላሉ። እኔ አልነቅልም። ዋጋ በወረደ ቁጥር የሚነቅል ሰው ዋጋው ሲወጣ ምን ሊለቅም ነው?

የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የማንበቢያ መነጽር። የዕድሩን መዝገብ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ሊቀመንበሩም እኔ ነኝ፤ ፊደሉ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን እያነሰብኝ ነው።

አጎትሽ ባየ ገብረወልድ


ቦሎኛ፣ ኅዳር 11 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሽ ባየ ገብረወልድ።

ጉልበትዎን ስሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እትዬ በየነች ለእናቴ ስለምታደርገው ሁሉ እግዚአብሔር ብድሯን ይክፈልልኝ፤ እኔ ልከፍለው አልችልም። እውነቱን ስለነገሩኝም አመሰግናለሁ። ሁለት ቀን አለቀስኩ፤ በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ።

ጋሽ ባየ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው፤ ደብዳቤዬን ሳይጨርሱ አይቆጡ። የማስታምማት ሲኞራ ፒያ የምትባል የሰማንያ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ባለፈው እሑድ ልጇ መጣና ሾርባ እየበሉ ለቀብሯ የሚዘመረውን አብረው መረጡ። እሱ አንድ ያሰማታል፤ እሷ "ይሄ ያስተኛል፤ ሌላ አምጣ" ትለዋለች። ይስቃሉ። መጀመሪያ ደነገጥኩ። በኋላ ግን ቀናሁ። እናቴን በሕይወቷ ሙሉ "አንቺስ የቱን ትወጃለሽ?" ብሎ የጠየቃት ሰው መኖሩን አላውቅም።

የመኖሪያ ወረቀቴ እየታደሰ ነው። ሳይታደስ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ስለዚህ የፈራሁት ቀን ቢመጣ ላልደርስ እችላለሁ። በመነጽሩ ጥቅል ውስጥ አንድ ካሴት አለ። እዚህ ያለን ሐበሾች በምንሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ የዘመርነው ነው፤ የእኔም ድምፅ አለበት። እኔ ባልኖር ድምፄ ከኋላዋ ይሂድ ብዬ ነው። ካልወደደችው ደግሞ የምትወደውን ትምረጥ። ምን እንዲሰማላት እንደምትፈልግ ይጠይቁልኝ።

ልጅዎ ማናልሞሽ


ሚዛን ተፈሪ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለማናልሞሽ ጥበቡ።

የልደቱ ጌታ ጤና ይስጥሽ። መነጽሩ ደርሶኛል። ለቀኝ ዓይኔ ልክ ነው፤ ለግራው ይበዛል። ስለዚህ ግራውን ጨፍኜ ነው የምጽፍልሽ። አልቆጣም፤ ግን እንቢ እላለሁ።

በሕይወት ላለ ሰው የቀብር ዜማ አይመረጥም። ሲኞራ ፒያ በአገሯ የወደደችውን ታድርግ። እዚህ አንዲት በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብዬ "ስትሞቺ ምን ይዘመር?" ብላት ጎረቤት የሚለው አንድ ነው፤ ባየ ወራሽ ሊሆን ቸኮለ። ደግሞም ምን የሚመረጥ ነገር አለ? ፍትሐት አለ። ከእኔና ከአንቺ በፊት የነበሩ ሰዎች መርጠው ጨርሰዋል። እኔ ዲያቆን አልነበርኩም፤ የኔታም አልነበረኝም። ፊደል የቆጠርኩት በመንገድ ሥራ ካምፕ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። የጸሎቱን ሥርዓት ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ውጭ ቆሜ እየሰማሁ ከዳር እስከ ዳር ይዤዋለሁ። አንድም የጎደለው ነገር የለም።

ሌላው ደግሞ ሕግ አለ። የዕድራችንን መተዳደሪያ አንቀጽ ዘጠኝ እንዳለ ገልብጬልሻለሁ፦

"በሐዘን ቤትም ሆነ በቀብር መንገድ ላይ ከሟቹ ሃይማኖት ጸሎት በቀር ቀርከሃ፣ መለከት፣ ከበሮ፣ ቴፕም ሆነ ሌላ ማሰማት ክልክል ነው። ይህን የጣሰ አባል ዕድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ድስትና ቆፋሪ አያቀርብለትም።"

ይህን በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በመዝገቡ ስር ስሜ አለ። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ካሴቱን ግን አሰማኋት። ለምን እንደላክሽው አልነገርኳትም፤ "ልጅሽ ዘመረች" ብቻ አልኳት። ጆሮዋን ቴፑ ላይ ለጥፋ ሰማችና "ማናልሞሽ ጉንፋን ይዟታል፤ አፍንጫዋ ታፍኗል" አለች። ከዚያ አስደገመችኝ። አሠለሰችኝ። አሁን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ትሰማዋለች። ባትሪ መግዛቱ ነው እንጂ ሌላ የሚያስቸግር ነገር የለም።

አጎትሽ ባየ ገብረወልድ


ቦሎኛ፣ መጋቢት 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሽ ባየ።

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። እናቴን ይሳሙልኝ። ይህን ደብዳቤ አምስት ጊዜ ጽፌ አምስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ለዚህ ነው የዘገየው። አሁን ሳላነበው አሽጌ ልልከው ነው።

አባቴ የተቀበረ ዕለት አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከድንኳኑ ጥግ ቆሜ ነበር። የእናቴ ወንድም ከፈለኝ ስምንት ሰዎች አስከትሎ በአማን በኩል በዝናብ መጣ። ዘጠኙም በአገራቸው ልቅሶ የሚነፉትን ቀርከሃ ይዘው ነበር። እርስዎ ከግቢው በር ላይ ሁለት እጅዎን ዘርግተው ቆሙ። "በክርስቲያን ሬሳ ላይ ቀርከሃ አይነፋም፤ ተመለሱ" አሉ። ከፈለኝ "አማቻችን ነው። አብሮን ቡና የለቀመ ሰው ነው" አለዎት። እርስዎ እጅዎን አላጠፉም።

አልተመለሱም። ከመንገዱ ማዶ ጭቃ ላይ ተቀመጡ። ሬሳው ሲያልፍ ተነሥተው ቀርከሃውን አፉን ወደ መሬት ደፍተው ያለ ድምፅ ተከተሉን። እናቴ ዞር ብላ አየቻቸው። እስከዚያ ድረስ ስታለቅስ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም። እስከ መቃብሩ ድረስ ዓይኗ ደርቆ ሄደች። አንቀጽ ዘጠኝ የተጻፈው በዚያው ወር ነው። ጽፈው ሲጨርሱ ለማመሳከር መዝገቡን ያነበብኩልዎ እኔ ስለነበርኩ ቀኑን አልረሳሁትም።

እናቴ ክርስትና ስትነሣ ወለተሥላሴ የተባለችው ወድዳ ነው። አንድም እሑድ ቅዳሴ አስታጉላ አታውቅም። ፍትሐቷ ይጉደል አላልኩም። ነገር ግን ስትሞት የምትቀብሩት ወለተሥላሴን ብቻ አይደለም፤ አባቷ ሎሚ ብሎ ስም ያወጣላትንም ልጅ ነው። ያቺኛዋ ማን ያለቅስላታል?

የካሴቱን ነገር ይተዉት። አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቋት። "ፍትሐት ይበቃኛል" ካለች ሁለተኛ አላነሣውም።

ማናልሞሽ


ሚዛን ተፈሪ፣ ሰኔ 15 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለማናልሞሽ ጥበቡ።

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በሚያዝያ ነው። ዝም ያልኩት ተቆጥቼ ነው። ቁጣው በግንቦት አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ዝም ያልኩት ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው።

አባርሬያቸዋለሁ። አልክድም። የጻፍሽው ሁሉ ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ብቻ አጉድለሻል፤ ከፈለኝ "ባየ፣ ይህን ታስታውሰዋለህ" ብሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግሁት አንቺን በጽሑፍ ለመርታት ወደ ቄስ ጌታሁን መሄድ ነው።

"አባ፣ ቀርከሃን የሚከለክለው ሥርዓት ከየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ጻፉልኝ፤ ወደ ኢጣሊያ የምልከው ነው" አልኳቸው።

"ከእርስዎ መጽሐፍ ነው" አሉኝ። "ከዕድሩ መዝገብ። ሌላ ቦታ አላነበብኩትም።"

"አባ፣ ቀልድ አልወድም።"

"እኔም እየቀለድኩ አይደለም። እኔ የማዘው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ወደ ውስጥ ነው። በመንገድም ላይ ጸሎቴን አይረብሹብኝ እንጂ አገሩ በአገሩ ልቅሶ ቢያለቅስ ምን ቸገረኝ?"

"አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አሉ ታዲያ?"

"አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሲናገሩ እንጂ ሲጠይቁኝ ሰምቼ አላውቅም።"

ወጣሁ። ደጃፉ ላይ ሊስቁ ሲሉ አየኋቸው፤ ሰላም ሳልላቸው ሄድኩ።

በማግሥቱ እናትሽ ዘንድ ገባሁ። በየነች እግሯን ታሻታለች። "ሎሚ" አልኳት። በዚህ ስም ጠርቻት አላውቅም።

ቀና ብላ አየችኝ። "ጋሼ፣ ምን ሆኑ? አመምዎት እንዴ?"

"ስትሞቺ ምን እንዲደረግልሽ ትፈልጊያለሽ?"

በየነች "በስመ አብ! ይሄ ሰውዬ ዛሬ ምን ነክቶታል?" ብላ ዘይቱን ደፋችው። እናትሽ ግን አልደነገጠችም።

"ድንኳኑ እንዳያፈስ ያሠሩት" አለችኝ።

"ስለ ቀርከሃ ነው የምጠይቅሽ።"

"አንቀጽ ዘጠኝ አለ አይደል?" አለች። "ማንበብ አልችልም እንጂ እሱን በቃሌ አውቀዋለሁ። ልበልልዎ?"

"አንቀጹን ለእኔ ተዪው። ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?"

"ጋሼ፣ ለጥበቡ ሳይነፋ ለእኔ እንዴት ይነፋል? እሱን በዝምታ ሸኝቼ እኔ በቀርከሃ ብከተለው እዚያ ስደርስ ምን እለዋለሁ?"

መልሷ ይህ ነው። ፍትሐትም ትፈልጋለች፤ ቀርከሃም ትፈልጋለች፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን የአባትሽን ትፈልጋለች። ጠይቅልኝ ብለሽኛል፤ ጠይቄያለሁ።

ከዚያ ወደ ከፈለኝ ሄድኩ። ከአማን የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ በእግሬ ሄድኩት። ይዘንብ ነበር። ከፈለኝ ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ አየኝ፤ ግባ አላለኝም። ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። ብዙ ቆምኩ።

"ዝናቡ እንዴት ነው?" አለኝ።

"ይዘንባል።"

"ያኔም ይዘንብ ነበር" አለና አስገባኝ። ጎደሬ አቀረበልኝ። የመጣሁበትን ነገርኩት። "የጥበቡ ልቅሶ አላለቀም። ሎሚ ልክ ናት፤ መጀመሪያ የእሱ ነው" አለ። ከነፊዎቹ ሁለቱ ሞተዋል፤ ሁለት ጎልማሶች ተክተዋቸዋል። ሰው አለ ማለት ነው። የጎደለው ትልቁ ቀርከሃ ነው፤ ተሰንጥቋል። እያንዳንዱ ቀርከሃ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዘጠኙ እየተቀባበሉ ነው ዜማ የሚሆነው። ትልቁ ከጎደለ፣ ከፈለኝ እንዳለው፣ የፊት ጥርስ የሌለው ሰው ንግግር ነው። እንዲህ ያለ ወፍራም ቀርከሃ ያለው በማሻ ደጋ ነው።

"ያባረርከን አንተ፤ የምታመጣው አንተ" አለኝ።

ይቅርታ አልጠየቅኩም። ይቅርታ ቃል ነው፤ እሱ የጠየቀኝ ቀርከሃ ነው። ክረምቱ ሲወጣ እሄዳለሁ።

አጎትሽ ባየ


ቦሎኛ፣ ሐምሌ 28 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሽ ባየ።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ባቡር ውስጥ አነበብኩት፤ የምወርድበትን ጣቢያ አለፍኩ።

አንድ ነገር ብቻ አሰጋኝ። አንቀጹን ከጣሱ ዕድሩ ድንኳንም ቆፋሪም አይሰጥዎትም። ሊቀመንበሩ እርስዎ ነዎት፤ አባላቱም ያከብሩዎታል። ቀኑ ሳይደርስ አንቀጹን ያሻሽሉት። በዚህ ዕድሜዎ አግዳሚ ተሸክመው እንዲዞሩ አልፈልግም።

ወረቀቴ አሁንም አልወጣም። ለእናቴ ይንገሯት፤ ያን ዕለት ጉንፋን አልነበረብኝም።

ልጅዎ ማናልሞሽ


ሚዛን ተፈሪ፣ ጥቅምት 2 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለማናልሞሽ ጥበቡ።

አዲሱ ዓመት የምሥራች ያሰማሽ። የጉንፋኑን ነገር ለእናትሽ ነገርኳት። "መቼ ጠፋኝ" አለችኝ።

ማሻ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። በመጀመሪያው በቴፒ በኩል በአይሱዙ ጭነት ላይ ወጣሁ። ቀርከሃ የሚቆርጥ ሰው አግኝቼ ቀጥ ያለ፣ የደረቀ፣ ወፍራም የሆነውን መርጬ አመጣሁ። በሕይወቴ ብዙ እንጨት መርጫለሁ፤ የቡና መፈልፈያ ሞተር ያለ መጽሐፍ ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ነኝ። ከፈለኝ ቀርከሃውን አገላብጦ አየና ልጆቹን ጠራ። "ኑ ተመልከቱ፤ ጋሽ ባየ የአጥር እንጨት ይዞልን መጣ" አለ። ሁሉም ሳቁ። "ቀርከሃ በዓይን አይመረጥም፤ በአፍ ነው" አለኝ።

በማግሥቱ ተመልሼ ማሻ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ቆራጩን እያስቆረጥኩ አንድ በአንድ ነፋሁ። በገበያው አጠገብ ነበርን፤ ሰው ከበበን። አንዲት ሴት "እኚህ ሽማግሌ እሳት ጠፍቶባቸው ነው?" አለች። መንፋቴን ቀጠልኩ። አሥራ አንደኛው ላይ ድምፁ ከሆዴ ውስጥ ተሰማኝ። ያንን ያዝኩ። ከፈለኝ አንድ ጊዜ ነፋውና ከሌሎቹ ጋር አቆመው።

ከዚያ የዕድሩን አባላት ሰበሰብኩ። "አንቀጽ ዘጠኝን ልጥስ ነው። መስከረም ሃያ አራት እሑድ በግቢዬ ለወንድሜ ለጥበቡ ቀርከሃ ይነፋል። ወለተሥላሴ ስትሞትም ይነፋል። ቅጣቱ ከወዲሁ ይጻፍብኝ" አልኩ። አንዱ ተነሥቶ "አንቀጹን እናሻሽልልዎ" አለ። ሁሉም "እናሻሽል፣ እናሻሽል" አሉ። እንቢ አልኩ። አንቺም ይህንኑ ጽፈሽልኛል፤ መልሴ አንድ ነው። የጻፈው ሰው በተነካ ቀን የሚሻሻል ሕግ ሕግ አይደለም፤ የሊቀመንበር ኪስ ነው። በአንቀጹ ምክንያት ቀርከሃ የተከለከሉ ሦስት ቤቶች አሉ፤ ሲለምኑኝ አላሻሻልኩላቸውም። ለእኔ ቤትም አይሻሻልም።

ባለሱቁ ሰይፈዲን "ጋሽ ባየ፣ እርስዎ እኮ ይህን አንቀጽ አግብተውታል። ፍቺ አያውቁም?" አለኝ። ሳቁብኝ። ቅጣቱን በራሴ እጅ መዝገብ ላይ ጻፍኩና አነበብኩላቸው።

እሑድ ጠዋት በሩን ከፍቼ ከጎኑ ቆምኩ። ከፈለኝ "የቤቱ ጌታ በር ላይ ይቁም" ስላለኝ ነው። ዘጠኙ አንድ በአንድ በፊቴ አለፉ። ከፈለኝ መጨረሻ ገባ፤ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ አለፈ።

ሙዚቃ አላውቅም፤ ሞተር ግን አውቃለሁ። ዘጠኙ ሰዎች እንደ ደህና ሞተር ናቸው። እያንዳንዱ በተራው ብቻ ይመታል፤ ማንም ከተራው አይቀድምም፣ አይዘገይም። ትልቁ ከስር ይይዛል። ይህን ሥርዓት የሌለው ጩኸት ነው ብዬ ነበር አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ። ከእኔ መዝገብ ይልቅ ሥርዓት አለው።

እናትሽ በወንበር ተቀምጣ ሰማች። ጥበቡን አለቀሰችው። ጮክ ብላ፣ በቋንቋዋ፣ እንደ ልጃገረድ አለቀሰችው። በየነች ልታስቆማት ስትል "ተያት" አልኩ። ሲጨርሱ ፊቷን ጠርጋ ወንድሟን ጠራችው።

"ለጥበቡ ደህና ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ነበር" አለችው። "ለእኔ ሲሆን ግን ፈጠን አድርጉት። እኔ መንገድ ላይ መቆየት አልወድም።"

እንግዲህ መርጣለች።

አጎትሽ ባየ


ቦሎኛ፣ ኅዳር 19 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሽ ባየ።

እግዚአብሔር ያጽናን። ትናንት ከቴሌ ደውለው "ዛሬ ጠዋት፤ በእንቅልፏ" ብለው ዘጉት። ከዚያ በላይ መናገር እንዳልቻሉ ገብቶኛል። እኔም አልቻልኩም ነበር።

አሁን ይጻፉልኝ። የተደረገውን ሁሉ፣ አንድም ሳይዘሉ።

ማናልሞሽ


ሚዛን ተፈሪ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለማናልሞሽ ጥበቡ።

ነፍሷን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን፤ አንቺን ያበርታሽ። አንድም ሳልዘል እጽፋለሁ።

ሴቶቹ ሲያጥቧት በየነች ቴፑን ይዛ ገባች። ቴፕም በአንቀጽ ዘጠኝ ክልክል መሆኑን ታውቂያለሽ። ቅጣቱ ግን ለአንድ ጥፋትም ለሁለትም እኩል ነው፤ ስለዚህ "አሰሚያት" አልኩ። ካሴቱ እስኪያልቅ ሰሙት፤ ገልብጠው ሌላውን ገጽም ሰሙት። ነጠላዋን ያለበሷት በአንቺ ድምፅ ነው።

ዕድሩ አልመጣም። ድንኳኑ በመጋዘን ቀረ፤ ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። ሰይፈዲን ከሱቁ ትልቅ ሸራ አውጥቶ ወጠረልን። "ይሄ የዕድሩ አይደለም፤ የእኔ ነው። መዝገብዎን ገልብጠው ይዩ፤ ሸራ አይከለክልም" አለኝ። መዝገቡን አላየሁም፤ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ልክ ነበር። ከዚያ ደግሞ አባላቱ አንድ በአንድ መጡ። እያንዳንዱ ከቤቱ አግዳሚ ተሸክሞ፣ ሴቶቹ ድስታቸውን ይዘው። መቃብሩን የከፈለኝ ልጆችና የሰፈሩ ጎልማሶች እየተጋገዙ ቆፈሩ። ዕድሩ አልመጣም፤ ሰዎቹ ግን አንድም አልቀረም።

ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ጊዜ ይቆማል፤ ሥርዓቱ ነው። ካህናቱ ሲያነቡ ቀርከሃው ዝም ይላል፤ ሬሳው ሲነሣ ቀርከሃው ይቀበላል። ከቄስ ጌታሁን ጋር አስቀድሜ የተስማማሁት ይህን ነው። ያልተስማማነው በፍጥነቱ ነው። ነፊዎቹ እንዳዘዘቻቸው አፈጠኑት፤ ተሸካሚዎቹ እግራቸው ዜማውን ተከተለ፤ ለእኛ መሮጥ ብቻ ቀረን። አራተኛው መቆሚያ ላይ ቄስ ጌታሁን ካባቸውን ሰብስበው እያለከለኩ ደረሱ። "ጋሽ ባየ፣ ሬሳዋን ሊሰርቁን ነው እንዴ?" አሉ። በልቅሶ መሐል ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ማንም እንዳላየኝ ተስፋ አለኝ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ዘጠኙ ግራና ቀኝ ቆሙ። በመሐላቸው አሳለፏት። ሬሳዋ ደጁን እስክትገባ ድረስ ነፉ፤ እንደገባች አቆሙ። የቀረውን ካህናቱ አደረጉ። ፍትሐቱ አልጎደለም፤ ቃል በቃል ተከታትያለሁ። ከአባትሽ በስተቀኝ ተቀብራለች።

በማግሥቱም ሥራ አልፈታሁም። ትናንት ወዲያ እሑድ የዕድሩ መደበኛ ስብሰባ ነበር። ቅጣቴ ተፈጽሟል፤ በቤቴ ቀርከሃ የሚነፋለት ሰው ከእንግዲህ የለም፤ ለእኔ ፍትሐት ብቻ ይበቃኛል። ስለዚህ ተነሥቼ አንቀጽ ዘጠኝ ይሰረዝ አልኩ። ሰይፈዲን "ጋሽ ባየ፣ ባለፈው እናሻሽልልዎ ብንል እንቢ አሉን፤ አሁን ምን ያደርግልዎታል?" አለ።

"ለእኔማ ምንም" አልኩት። "ለዚህ ነው ዛሬ ያመጣሁት።"

ሁሉም እጅ አወጡ። የተከለከሉት ሦስቱ ቤቶች ሰዎችም ነበሩ፤ ቀድመው ያወጡት እነሱ ናቸው። ቃለ ጉባኤውን ያዝኩ። በመስመሩ ላይ ቀይ ቀለም አሰመርኩና ከስሩ ይህን ጻፍኩ፦ አንቀጽ ዘጠኝ ተሰርዟል። የጻፈው ባየ ገብረወልድ፤ የሰረዘው ባየ ገብረወልድ።